ለሁሉም የምታከራየው ጎረቤታችን

ጅቡቲ፣ አምቡሊ አውሮፕላን ማረፊያ የደረሰ መንገደኛ በመስኮቱ ወደ ውጭ ቢመለከት የአገሪቱን ኑሮ ግማሹን ያየዋል። በአንድ ወገን የፈረንሳይ ሚራዥ ተዋጊ አውሮፕላኖች ከፀሐይ መከላከያ ጣሪያ ሥር ቆመዋል። በሌላው ወገን የአሜሪካኖቹ ካምፕ ሌሞንዬ በአጥርና በጥበቃ ማማ ተከብቦ ተዘርግቷል። ጃፓኖች ከማኮብኮቢያው ዳር የራሳቸውን ግቢ አጥረዋል፤ ጣሊያኖችም ከዚያ ብዙ አልራቁም። ከባሕሩ በኩል፣ ዶራሌ ወደብ አጠገብ፣ ቻይና አለች። የመንገደኛ አውሮፕላኑ ከጦር አውሮፕላኖቹ ጋር በአንድ ማኮብኮቢያ ተራ ጠብቆ ያርፋል፤ ሴቶች ሕፃን አዝለው፣ ነጋዴዎች ቦርሳ አንጠልጥለው፣ እንደ ምድጃ በሚጋረፈው አየር ውስጥ ወደ ኢሚግሬሽን አዳራሹ ያዘግማሉ። ቀና ብሎ የሚያይ የለም።

በትራንዚተርነት በሠራሁባቸው ዓመታት ወደ ጅቡቲ በአየርም ሄጃለሁ፣ በገላፊ በኩል ከከባድ መኪና ሾፌሮች ጋርም ሄጃለሁ። አዲስ አበባ ስመለስ ሰው የሚጠይቀኝ ስለ ሙቀቱ ነው። ስለ ሙቀቱ የምለው አላጣም፤ እኔን ሲያብሰለስለኝ የኖረው ግን ሌላ ነገር ነው። ስፋቷ 23,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ሕዝቧ አንድ ሚሊዮን አካባቢ፣ ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ የሌላት አገር፣ እርስ በርሳቸው የማይተማመኑ ኃያላን ሁሉ ደጇ ላይ ሠፍረው ሳለ ሳትዋጥ እንዴት ቀረች? በሕዝብ ብዛት ከመቶ እጥፍ በላይ የምንበልጣት እኛስ ከኃያላን ጋር ስንወዳጅ ለምን ብዙ ጊዜ በደም ከፈልን? (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። የወደብ ወረቀት በዚያ ስለሚሞላ እጄ ለምዶታል።)

ነገሩ የሚጀምረው ከቦታው ነው። ባብ ኤል መንደብ በጣም በሚጠብበት ስፍራ ስፋቱ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ መሐሉ ላይ ደግሞ ፔሪም የምትባል ደሴት ተቀምጣ መተላለፊያውን ለሁለት ትከፍለዋለች። ከእስያ በስዊዝ በኩል ወደ አውሮፓ የሚሄድ መርከብ እዚህ በር ላይ መድረሱ አይቀርም፤ ይህን ካልፈለገ አፍሪካን በደቡብ ጫፏ መዞር ነው። ይህን ሁሉም ያውቀዋል። ብዙም የማይነሣው፣ የውጭ ኃይሎች የስዊዝ ቦይ ከመከፈቱ በፊት እዚህ መድረሳቸው ነው። እንግሊዝ ኤደንን በ1839፣ ፔሪምን በ1857 ያዘች። ፈረንሳይ በዛሬዋ ጅቡቲ ያለችውን ኦቦክን ከአፋር ሹማምንት በ10,000 ማርትሬዛ ብር የገዛችው በ1862 ነው። ቦዩ የተከፈተው ከዚያ በኋላ፣ በ1869 ነው። እንግዲህ የመጀመሪያው ውል ሽያጭ ነበር፤ ኪራይ የመጣው ዘግይቶ ነው።

ፈረንሳይ የገዛችውን ቦታ ሃያ ዓመት ያህል ትታው ኖረች። ያነቃት የከሰል ድንጋይ ነው። በ1880ዎቹ በቶንኪን (በዛሬው ሰሜን ቬትናም) ምክንያት ከቻይና ጋር ስትዋጋ፣ መርከቦቿ ኤደን ላይ ከሰል እንዳይሞሉ እንግሊዞች ከለከሏቸው። ሩቅ ምሥራቅ ጦር የሚልክ መንግሥት በተቀናቃኙ ደጅ ነዳጅ ሲለምን መገኘቱ ያሳፍራል። ከዚያ በኋላ ኦቦክ ላይ አስተዳዳሪ ተሾመ፤ ብዙም ሳይቆይ የተሻለ የመርከብ መጠለያ ባለበት በባሕረ ሰላጤው ማዶ ጅቡቲ ከተማ ተቆረቆረች። ከሰሉ በናፍጣ፣ ናፍጣው በድሮን ማኮብኮቢያ ተተካ እንጂ የቦታው ጥቅም ያው ነው።

ስለ ጦር ሠፈሮቹ ስያሜ ትንሽ ልቆይ፤ ከዚህ የበለጠ የጅቡቲን ጠባይ የሚያሳየኝ ነገር አላገኘሁም። ካምፕ ሌሞንዬ ቀድሞ የፈረንሳይ የውጭ ዜጎች ሌጌዎን ሠፈር ነበር። አሜሪካኖች ከ2001ዱ የኒውዮርክ ጥቃት በኋላ ሲገቡበት ስሙን አልቀየሩትም። ሌሞንዬ የፈረንሳይ ጄኔራል ነው፤ በ1945 ቬትናም ውስጥ ላንግ ሶን በተባለ ቦታ፣ እጅህን ስጥ ቢባል እምቢ ስላለ ጃፓኖች አንገቱን በሰይፍ ቆረጡት። ጃፓን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ ከአገሯ ውጭ የመጀመሪያዋ የሆነውን ቋሚ የጦር ሠፈር በ2011 ስትከፍት የሠፈረችው የዚሁ ሰውዬ ስም ከተጻፈበት በር አጠገብ ነው። ጃፓንና ፈረንሳይ ዛሬ አብረው የባሕር ላይ ወንበዴ ይጠብቃሉ።

የጣሊያኑ ይብሳል። በ2013 የተከፈተው ሠፈራቸው የተሰየመው በአሜዴዎ ጊሌ ነው። ጊሌ በ1935ቱ ወረራ አገራችን ገብቶ የተዋጋ የፈረሰኛ መኮንን ነበር። በኋላም ከአማራውና ከሌላውም የአገሬው ሰው የተመለመሉ ፈረሰኞችን እየመራ በ1941 መጀመሪያ ኤርትራ ውስጥ ኬሩ ላይ በእንግሊዝ ጦር ላይ ጋለበ። ጣሊያን ስትሸነፍ ጥቂት ጊዜ በሽምቅ ተዋግቶ፣ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ወደ የመን አመለጠ። ለአገሩ ሰዎች ጀግና ነው፤ አይፈረድባቸውም። እኔ ግን የድሬዳዋ ልጅ ነኝና፣ የኢትዮጵያ ስንዴና ማዳበሪያ በሚራገፍበት ከተማ ይህን ስም ባሰብኩ ቁጥር አንድ ነገር ሆዴን ይቆርጠኛል። ጅቡቲን አይቆርጣትም። አከራይ የተከራዩን ያለፈ ታሪክ እየመረመረ ቤቱን ባዶ አያሳድርም።

ቻይና የገባችው በመጨረሻ ነው። ሠፈሯን ኦገስት 1 ቀን 2017፣ ጦሯ 90ኛ ዓመቱን በሚያከብርበት ቀን አስመረቀች፤ ከግዛቷ ውጭ የመጀመሪያዋ ነው። በዓመቱ አሜሪካኖች፣ ከቻይናው ሠፈር አካባቢ የተለቀቀ የሌዘር ጨረር የአውሮፕላን አብራሪዎቻችንን ዐይን ጎዳ ብለው ስሞታ አሰሙ፤ ቻይና አላደረግሁም አለች። ነገሩ በዚያው ቀዘቀዘ። ሁለቱ የዓለም ታላላቅ ጦሮች በጥቂት ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ተቀምጠው፣ አንዱ የሌላውን አውሮፕላን መነሻና መድረሻ እየቆጠረ ያድራል።

ይህን ሁሉ ከውጭ ለሚያየው ሰው ጅቡቲ የኃያላን መጫወቻ ትመስላለች። እኔም በአንድ ወቅት ይህንኑ ለአንድ የጅቡቲ የጉምሩክ አስተላላፊ ነገርኳቸው። በዕድሜ አባቴ ይሆናሉ፤ በልጅነታቸው ድሬዳዋ ተምረዋልና አማርኛቸው የእኛው የለገሃር አማርኛ ነው። ከቀኑ ሰባት ሰዓት አልፏል፤ የእኛ አገር ጫት ከተማው ስለገባ በየቢሮው ያለው ሥራ እየቀዘቀዘ ነበር። እርሳቸው አይቅሙም፤ ሻይ ነው የሚጠጡት።

«ይህን ሁሉ ጦር በአገራችሁ ላይ ስታዩ አይከፋዎትም?» አልኳቸው።

«ልጄ» አሉኝ፣ ብርጭቋቸውን አስቀምጠው። «እናንተ ትልቅ ስለሆናችሁ ይህን አትረዱትም። በ1977 ባንዲራችንን ስንሰቅል ፈረንሳዮች ጠቅልለው ቢወጡ ኖሮ ወይ እናንተ ወይ ሶማሊያ ትወስዱን ነበር። የትኛችሁ እንደምትቀድሙ ብቻ ነው ያልታወቀው።»

መልስ አጣሁ። እኛ ኢትዮጵያውያን ስለ ቀጣናው ስንነጋገር ሥጋት ሁልጊዜ ከውጭ የሚመጣ ነው፤ ግብጽ፣ ዓረቡ፣ ምዕራቡ። ራሳችንን የሌላው ሥጋት አድርገን የምናስብበት ልማድ የለንም። ጅቡቲ ነጻ የወጣችው ጁን 27 ቀን 1977 ነው። በሳምንታት ውስጥ የዚያድ ባሬ ጦር ኦጋዴንን ወረረ፤ የባቡሩ መስመር ተቆረጠ፤ ወደቡ ሥራ ፈታ። የሶማሊያ ባንዲራ ካሉት አምስት ጨረሮች አንዱ ጅቡቲን የሚወክል ነበር። ዓፄ ኃይለ ሥላሴም ጅቡቲ የኢትዮጵያ አካል ናት ይሉ ነበር። የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሐሰን ጉሌድ አፕቲዶን በዚያች ሰዓት ፈረንሳዮችን ማስቀረታቸውን የቅኝ ግዛት ናፍቆት ነው የሚል ቢኖር የጎረቤቶቻቸውን ካርታ አላየም። የውጭው ጦር ለጅቡቲ ከሁሉ አስቀድሞ የኢንሹራንስ ወረቀት ነበር፤ የተገዛውም በእኛ ምክንያት ነው።

በዚያው ዓመት እኛ ምን ስናደርግ ነበር? አሜሪካኖች በ1953ቱ ስምምነት መሠረት አስመራ ላይ የቃኘውን ወታደራዊ የመገናኛ ጣቢያ ይዘው፣ የንጉሠ ነገሥቱን ጦር ሲያስታጥቁ ኖረዋል። በ1977 ሚያዝያ ደርግ ጣቢያው እንዲዘጋ አዘዘ። ሶማሊያ በበኩሏ በርበራን ለሶቪየቶች ሰጥታ፣ በእነርሱ ታንክ ኦጋዴን ገባች። ሶቪየቶች ወደ አዲስ አበባ ፊታቸውን ሲያዞሩ ዚያድ ባሬ በኖቬምበር 1977 አባረራቸው። ወዲያው ወደ ኢትዮጵያ የጦር መሣሪያ በአየር ይጎርፍ ጀመር፤ ከ10,000 በላይ የኩባ ወታደሮችም ገቡ። በማርች 1978 ጅጅጋ ተመለሰች። ከጥቂት ዓመታት በኋላ አሜሪካኖች በርበራ ላይ ሶቪየቶች የለቀቁትን ማኮብኮቢያ መጠቀም ጀመሩ። ሁለቱ ኃያላን ወንበር ተለዋወጡ፤ የሞተው የእኛና የሶማሊያ ልጅ ነው።

የጅቡቲና የእኛ መንገድ የተለያየው እዚህ ይመስለኛል። እኛ በየዘመኑ አንድ ወዳጅ እንመርጣለን፤ ሙሉ በሙሉ እንሰጣለን፤ ወዳጅነቱ ሲሻክር ሙሉ በሙሉ እንገነጥላለን። መሣሪያውን፣ ሥልጠናውን፣ የመማሪያ መጽሐፉን ሳይቀር እንቀይራለን። አንድ ሰው በአንድ ዕድሜው በአሜሪካ ሥልት ሠልጥኖ፣ በሶቪየት መሣሪያ ተዋግቶ፣ ወዲያው ደግሞ ሁለቱም ስህተት ነበሩ ተብሎ ሲነገረው አይቷል። ጅቡቲ ግን ለአንዱ ስትል ሌላውን አላባረረችም። አሜሪካ ሲገባ ፈረንሳይ አልወጣም፤ ቻይና ሲገባ አሜሪካ ቢያጉረመርምም አልሄደም። እያንዳንዱ የሚፈራው መውጣትን ነው፤ ከወጣ ቦታውን ተቀናቃኙ ይይዘዋልና። የትንሿ አገር ጉልበት ያለው በዚህ ፍርሃት ውስጥ ነው።

ፍክክር ለደካማው ወገን ሁልጊዜ መርገም አይደለም። የተወለድኩባት ከተማ ራሷ ለዚህ ምስክር ናት። ምኒልክ በ1894 ለስዊዛዊው አማካሪያቸው ለአልፍሬድ ኢልግ የሰጡት የባቡር ፈቃድ ሐዲዱን ድሬዳዋ ያደረሰው በ1902 መጨረሻ ነው። በዚያው ዓመት የፈረንሳይ መንግሥት ኩባንያውን በገንዘብ እየደገፈ በቁጥጥሩ ሥር ለማድረግ መዋዋሉን ሲሰሙ ምኒልክ ተቆጡ፤ ባቡሩ የነጋዴ ነው ብለው ፈቅደው የመንግሥት ሆኖ ተገኘ። እንግሊዝና ጣሊያንም ሐዲዱ የፈረንሳይ መሣሪያ እንዳይሆን ይታገሉ ነበር። ሥራው ቆመ፤ ኩባንያው ከሰረ። በ1906 ሦስቱ መንግሥታት ለንደን ላይ ተቀምጠው ኢትዮጵያን በጥቅም ቀጣና የሚከፋፍል ስምምነት ተፈራረሙ። ምኒልክ ሰነዱ ሲቀርብላቸው ስላስታወቁኝ አመሰግናለሁ፣ ግን ይህ በመንግሥቴ ሥልጣን ላይ ምንም አይገድበኝም የሚል መንፈስ ያለው መልስ ሰጡ። አዲስ አበባ ባቡር ያየችው በ1917 ነው። ሐዲዱ መንገድ ላይ ተገትሮ በቆየባቸው ዓመታት ደግሞ የመጨረሻው ጣቢያ ድሬዳዋ ስለነበረች ነጋዴው፣ ጉምሩኩ፣ ግሪኩ፣ አርመኑና ዓረቡ ሁሉ እዚያው ተከማቸ። አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር፤ እነ ፓሪስና ለንደን ባይጣሉ ኖሮ ከተማችን ውኃ መቅጃ ጣቢያ ብቻ ሆና ትቀር ነበር እያለ ይስቃል።

ወደ ገንዘቡ ልመለስ። አሜሪካ በ2014 በታደሰው ውል ለካምፕ ሌሞንዬ በዓመት 63 ሚሊዮን ዶላር ልትከፍል ተስማማች። ከተከራዮቹ ሁሉ የተሻለ የምትከፍል ተብላ የኖረችው እርሷ ናት። ገንዘቡ ለትንሽ አገር ቀላል አይደለም፤ ይሁንና ጅቡቲን የሚያኖራት እርሱ አይደለም። የሚያኖራት ወደቡ ነው፤ ወደቡን የሚያኖረው ደግሞ ከ90 በመቶ በላይ የሆነው የኢትዮጵያ የገቢና ወጪ ንግድ ነው። ትልቁ ተከራይ እኛ ነን፤ ሠራዊት ስላላሰፈርን ብቻ ማንም እንደዚያ አይቆጥረንም። በ1998 ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣ አሰብ ተዘጋብን፤ ዕቃችን ሁሉ ወደ አንድ በር ዞረ። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ ቤት ያለ ስኳር፣ የእያንዳንዱ ሆስፒታል መድኃኒት፣ የጅቡቲን ማኅተም ያልነካው ብርቅ ነው።

በአንጻሩ ጅቡቲ ከ2011 ጀምሮ መብራት ከእኛ በመስመር ታገኛለች። የመጠጥ ውኃዋ በከፊል ከሶማሌ ክልል ምድር ተስቦ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ በቧንቧ ይሄድላታል፤ የቧንቧው ገንዘብ ከቻይና በብድር የመጣ ነው። ከአዲስ አበባ ጅቡቲ የተዘረጋው 750 ኪሎ ሜትር ያህል የኤሌክትሪክ ባቡር በቻይና ኩባንያዎች ተሠርቶ በ2016 ሲመረቅም አብዛኛው ገንዘብ ከቻይና ኤግዚም ባንክ ብድር ነው። የእኛ ድርሻ የመክፈያ ጊዜው ስላስጨነቀን በ2018 ወደ 30 ዓመት ተራዘመልን። ጅቡቲ ከውጭ ዕዳዋ ከግማሽ በላዩን ለቻይና ትመልሳለች። ውኃው የእኛ፣ ቧንቧው የቻይና፣ ጠባቂው የአሜሪካና የፈረንሳይ። የጅቡቲ ፍራንክ እንኳ ከ1949 ጀምሮ ከዶላር ጋር ታስሮ ነው የሚኖረው። ይህ በባንኩ በኩል ለእኛ ነጋዴዎች ቅናት የሚያሳድር መረጋጋት ነው፤ ብራችን እንዴት እንደሰነበተች ማስታወስ አያስፈልገኝም።

እስካሁን ያልኩት አድናቆት ይመስላል፤ በከፊልም ነው። የማላደንቀውን ለማየት ግን ከወደቡ ተነሥቶ ባልባላ መሄድ ይበቃል። በ1960ዎቹ ፈረንሳዮች ከተማይቱን በእሾህ ሽቦ ከብበው ሰው እንዳይገባ ሲከለክሉ ከአጥሩ ውጭ የቀረው ሕዝብ ሠፈር ነው። ዛሬ የከተማው ትልቁ ክፍል ሆኗል። ቆርቆሮና እንጨት፣ የውኃ ጀሪካን የጫነ ጋሪ፣ ጥላ ፍለጋ ግድግዳ ተደግፈው የሚውሉ ሥራ አጥ ወጣቶች። የሚራዥ ድምፅ በላያቸው ያልፋል። አንድ ቀን የመኪናዬ ጎማ እዚያ ተንፍሶ ሲያግዙኝ ከነበሩት ልጆች አንዱ፣ ከጦር ሠፈሮቹ በየትኛው መቀጠር እንደሚሻል ያብራራልኝ ነበር። አሜሪካኖቹ ጋ ጽዳት፣ ጃፓኖቹ ጋ አትክልት ማጠጣት፣ ቻይናዎቹ የራሳቸውን ሰው ስለሚያመጡ ተስፋ የለም። ስለ መንግሥቱ ግን አንድ ቃል አልተናገረም።

አንድ መንግሥት ገቢውን ከአጥሩ ማዶ ከሚያገኝ ከሕዝቡ ጋር የሚያገናኘው ክር ይሳሳል። ግብር ከፋዩን መለመን የለበትም፤ ተከራዩ እንዳይከፋ ብቻ ይጠነቀቃል። ፕሬዚዳንት እስማኤል ዑመር ጌሌ፣ የድሬዳዋ ተወላጅ ናቸው፣ በ1999 ሥልጣን ያዙ። በ2010 የሥልጣን ዘመን ገደቡ ከሕገ መንግሥቱ ወጣ፤ በ2025 ደግሞ የ75 ዓመት የዕድሜ ጣሪያው ተነሣ። በየትኛውም ጊዜ ከተከራዮቹ አንዱ በዚህ ምክንያት ዕቃውን ሸክፎ አልወጣም። ስለ ዴሞክራሲ ሌላ ቦታ ረጅም ንግግር የሚያደርጉት እዚህ ድምፃቸው ለስላሳ ነው፤ ጎረቤቱ ግቢ ቻይና ተቀምጣለች። ፍክክሩ ለመንግሥቱ የሰጠውን ጉልበት ከባልባላው ልጅ ነው የቀማው።

የውሎቹም ነገር እንዲሁ ነው። ዶራሌ የኮንቴነር ተርሚናል በ2006 ለዱባዩ ዲፒ ዎርልድ ለ30 ዓመት ተሰጠ፤ በ2009 ሥራ ጀመረ። በ2013 ደግሞ ቻይና መርቻንትስ የተባለው ኩባንያ የወደቡን ድርጅት 23.5 በመቶ ገዛ። ፌብሩዋሪ 22 ቀን 2018 መንግሥት የዲፒ ዎርልድን ውል ሰርዞ ተርሚናሉን ተረከበ፤ ሉዓላዊነታችንን ይጎዳል ነው ያለው። ለንደን ላይ የተቀመጡት የግልግል ዳኞች በዚያው ዓመት ውሉ ጸንቷል ብለው ለኩባንያው ፈረዱ። በዓመቱ መጨረሻ የአሜሪካ የብሔራዊ ደኅንነት አማካሪ ጆን ቦልተን ተርሚናሉ በቻይና እጅ ይወድቃል የሚል ሥጋት በአደባባይ ተናገሩ። በዚያ ሰሞን የዕቃ ባለቤቶች ስልክ እየደወሉ «ኮንቴነሬ አሁን ማን እጅ ነው ያለው?» ይሉኝ ነበር። ክሬኖቹ አልቆሙም፤ ዕቃውም ወጣ። ዲመሬጅ (የመዘግየት ክፍያ) የሚያስቆጥረው ነገር ያው የወረቀት መዘግየት ነው፤ ለዳኞቹ ፍርድ ግድ አልነበረውም። እኔን የገረመኝ የ30 ዓመት ውል ሲፈረም አገሬው አለማንበቡ፣ ሲቀደድም አለማንበቡ ነው። ጥሩ ይሁን መጥፎ ተከራክሮ የወሰነ ሕዝብ የለም። ስለዚህ ክርክሩ ሌላ አገር፣ በሌላ ቋንቋ፣ በጠበቃ ተካሄደ።

ለሁሉም ማከራየት ከሁሉም ጠብ ያድናል የሚል ካለም ተሳስቷል። በ2015 ከኤምሬቶች ጋር የተነሣው ግጭት አቡዳቢን ወደ አሰብ ወሰዳት፤ ከዚያም የየመንን ጦርነት ስትዋጋ ቆይታ በ2021 ሠፈሯን ነቅላ ሄደች። ከኤርትራ ጋር በ2008 በራስ ዱሜራ ምክንያት ደም የፈሰሰበትን ድንበር የኳታር ወታደሮች መሐል ገብተው ይጠብቁት ነበር። በ2017 ሳዑዲና ጓደኞቿ ኳታርን ሲያገልሉ ጅቡቲ ወደ ሳዑዲ አዘነበለች፤ ኳታሮቹም በጥቂት ቀናት ውስጥ ድንበሩን ባዶ ጥለውት ወጡ። በዶሃና በሪያድ መካከል የተወረወረ ቃል ዱሜራ ተራራ ላይ አረፈ። ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ የየመን ሁቲዎች በመርከብ ላይ መተኮስ ሲጀምሩም፣ ይህ ሁሉ ጦር እዚያው አፍንጫው ሥር ሠፍሮ ሳለ፣ መርከቦች አፍሪካን ዞረው ሄዱ። ኢንሹራንሱ ናረ፤ ዕቃው ዘገየ። የጦር ሠፈር ብዛት የባሕሩን ሰላም አይገዛም።

አሁን ተራው የእኛ ይመስላል። ጃንዋሪ 1 ቀን 2024 አዲስ አበባ ላይ ከሶማሌላንድ ጋር የባሕር በር የመግባቢያ ሰነድ ተፈረመ። ሞቃዲሾ ተቆጣች፤ ግብጽ መሣሪያ ላከችላት፤ ጅቡቲ ነገሩን ለማብረድ የታጁራን ወደብ ለኢትዮጵያ አቀረበች፤ በዲሴምበር ቱርክ አንካራ ላይ ኢትዮጵያንና ሶማሊያን አስታረቀች። በአንድ ዓመት ውስጥ አንድ ወረቀት አራት አምስት መንግሥታትን ወደ ቀጣናው ጠራ። ስለ ባሕር በር ቴሌቪዥን ላይ የሚጮኸውን ስሰማ ወደቡን ማግኘታችን ይከፋኛል ማለት አይደለም። በአንድ በር ላይ የተንጠለጠለ አገር ምን ያህል እንደሚጨነቅ ሥራዬ አስተምሮኛል። በርበራ ላይም በ2018 የ19 በመቶ ድርሻ አግኝታችኋል ተብለን ነበር፤ በ2022 ግን ኢትዮጵያ ግዴታዋን ስላልተወጣች ድርሻዋ ቀርቷል ተባለ። ምን ግዴታ እንደነበረ በጊዜው የነገረን አልነበረም።

የ2024ቱ የመግባቢያ ሰነድም ሙሉ ቃሉ ለሕዝብ አልወጣም። ዓመቱን ሙሉ ጓደኛ ከጓደኛው የተጣላበትን ወረቀት ያነበበ ሰው አላገኘሁም። አንድ የመንገድ ብድር እንኳ ሲጸድቅ በነጋሪት ጋዜጣ በአዋጅ ይታተማል፤ ወለዱን፣ የእፎይታ ጊዜውን ማንም አንብቦ ማየት ይችላል። እኔ ቢል ኦፍ ሌዲንግ (የመርከብ ጭነት ሰነድ) ሳላነብ ኮንቴነር አንሥቼ አላውቅም። የባሕር በር ውል ሲመጣም ለስንት ዓመት እንደሆነ፣ በስንት እንደሆነ፣ ማን ወታደር እንዲያሰፍር እንደሚፈቀድለት፣ ጊዜው ሲያልቅ ክሬኑ የማን እንደሚሆን የሚናገሩ ጥቂት ገጾች ይኖሩታል። ከታተመ፣ እኔ መጀመሪያ የምገልጠው ጠብ ሲነሣ በየትኛው አገር እንደምንዳኝ የሚናገረውን አንቀጽ ነው።